ማዘጋጃ ቤት ሲቆፍር አፈሩ ወዴት ይሄዳል?

ባለፈው ሰኔ አጋማሽ፣ ፈተና ሊጀመር ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ ከምንኖርበት ሰፈር ወደ ዩኒቨርሲቲው የሚወስደን መንገድ በጭቃ ተዘጋብን። መንገዱ ሊሰፋ ከጥቂት ሳምንታት በፊት ተቆፍሮ ነበር። በላይ በኩል ያለው ዳገት በዶዘር ተቆርጦ፣ የተቆረጠው አፈር ዳር ለዳር ተከምሮ ቀርቶ ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የጣለው ዝናብ ክምሩን ይዞት ወረደ። በማግሥቱ ስናልፍ ከመንገዱ በታች ያሉ ቤተ ሰቦች ጭቃውን በአካፋና በባልዲ ሲያወጡ ደረስን፤ እኛም ደብተራችንን አስቀምጠን አገዝናቸው። አንዲት እናት በዚያ ቤት ብዙ ክረምት እንዳሳለፉ፣ ውሃ ገብቶባቸው እንደሚያውቅ፣ አፈር ግን ሲገባባቸው ይህ የመጀመሪያው እንደ ሆነ ነገሩን። የእንጀራ ምድጃቸው በደለል ሞልቶ ነበር።

ከመካከላችን የመሐንዲስነት ትምህርት የሚማሩ ስላሉ፣ የሥራውን ተቆጣጣሪ ቀርበን ጠየቅነው። ክምሩ ለምን አልተሸፈነም? ከግርጌውስ መከላከያ ለምን አልተደረገም? መልሱ አጭር ነበር፤ በውሉ ውስጥ የለም አለን። ሰውየው አልዋሸም። ይህን ጽሑፍ የጻፍነውም ስለዚያ መልስ ነው።

አስቀድሞ ሁለት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል። አንደኛው የአፈር መሸርሸር ነው፤ ይኸውም አፈር ከነበረበት ቦታ መነቀሉ ነው። ሁለተኛው ደለል ነው፤ ይኸውም የተነቀለው አፈር በውሃ ተጉዞ ሌላ ቦታ መተኛቱ ነው። ብዙ ሰው ሁለቱን እንደ አንድ ይቆጥራቸዋል። ነገር ግን መድኃኒታቸው የተለያየ ነው፤ ዋጋቸውም አይመጣጠንም። አፈሩ እንዳይነቀል ማድረግ ርካሽ ነው፤ የተነቀለውን አባርሮ መያዝ ግን ውድ ነው፤ አንዳንዴም ፈጽሞ የማይቻል ነው።

የመሸርሸር ሥራ የሚጀምረው በጎርፍ ሳይሆን በጠብታ ነው። ትልቅ የዝናብ ጠብታ መሬት ሲደርስ በሰከንድ 9 ሜትር ያህል ይፈጥናል። በሣር ወይም በገለባ ላይ ካረፈ ጉልበቱ እዚያው ያልቃል። ራቁቱን በቀረ አፈር ላይ ሲያርፍ ግን የአፈሩን ቅንጣቶች ያላቅቃቸዋል። የተላቀቀውም ደቃቅ አፈር የመሬቱን ቀዳዳ ይደፍነዋል፤ ስለዚህ ውሃው ወደ ውስጥ መስረጉን ትቶ በላይ በላይ መሄድ ይጀምራል። ከዚያ በኋላ ቁልቁለቱ ይቀበለዋል። የውሃ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ አራት እጥፍ ይሆናል፤ እንዲህ ከሆነ ሲነሣ እንደ ክር የቀጠነው ፈሳሽ ከቁልቁለቱ ግርጌ ሲደርስ ቦይ መቅደዱ አያስደንቅም።

የአፈር ሊቃውንት የሚጠፋውን አፈር የሚገምቱበት አንድ የታወቀ ቀመር አላቸው። በአሜሪካ ተሠርቶ፣ ሐንስ ሁርኒ የተባሉት ሊቅ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1985 ለአገራችን ሁኔታ እንዲስማማ አድርገው ያሻሻሉት ነው። ቀመሩ የሚጠይቀው የዝናቡን ኃይል፣ የአፈሩን ጠባይ፣ የቁልቁለቱን ርዝመትና ቀጥ ማለት፣ የመሬቱን ሽፋንና የተደረገለትን ጥበቃ ነው። ዝናቡን ማዘዝ አንችልም፤ የአፈሩንም ጠባይ እንዲሁ። የቀሩት ግን በሰው እጅ ናቸው። የግንባታ ሥራ አደገኛ የሚሆነውም በዚህ ምክንያት ነው። አንድ ዶዘር በአንድ ቀን ውስጥ ሽፋኑን ይገፍፋል፣ ቁልቁለቱን ያቆማል፣ የነበረውንም ካብና እርከን ያፈርሳል። በሰው እጅ ያለው ሁሉ በአንድ ጊዜ ወደ ክፉው ወገን ይዞራል ማለት ነው።

የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት እንደሚለው፣ ከግንባታ ቦታ በጎርፍ የሚወጣው ደለል ከእርሻ መሬት ከሚወጣው ከ10 እስከ 20 እጥፍ፣ ከደን መሬት ከሚወጣው ደግሞ ከ1,000 እስከ 2,000 እጥፍ ይበልጣል። አንባቢ ሆይ፣ ስለ አፈር መሸርሸር በተነሣ ቁጥር ጣታችንን በገበሬው ላይ መቀሰር የለመድን ሁሉ ይህን ቁጥር ልብ ማለት ይገባናል።

አሁን ደግሞ ስለ ተነቀለው አፈር እንናገር። ጸጥ ብሎ በቆመ ውሃ ውስጥ አንድ ሜትር ወደ ታች ለመስጠም 0.1 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ደቃቅ አሸዋ 2 ደቂቃ ያህል ይበቃዋል። 0.01 ሚሊ ሜትር የሆነው ልም አፈር 3 ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። 0.001 ሚሊ ሜትር የሆነው ሸክላማ አፈር ግን 13 ቀን ያህል ያስፈልገዋል። ይህም ውሃው ፈጽሞ ካልተንቀሳቀሰ ነው። ስለዚህ አሸዋን ትንሽ ገንዳ ሊይዘው ይችላል። ሸክላማው አፈር ግን አንድ ጊዜ ከውሃ ጋር ከተቀላቀለ በከተማ ውስጥ የሚያቆመው ነገር የለም፤ ወንዝ ገብቶ ውሃውን ቡና አስመስሎ ይሄዳል። ስለ እርሱ ያለው መድኃኒት አንድ ብቻ ነው፤ ከቦታው እንዳይነሣ ማድረግ።

ይህን ሁሉ ይዘን ወደ አዲስ አበባ እንመለስ። ከተማችን ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ከእንጦጦ ተነሥታ 2,100 ሜትር ገደማ ወደ ሆነው ወደ አቃቂ ሜዳ የምትወርድ ተዳፋት ናት። ከዓመቱ ዝናብ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ይወርዳል። በደቡብና በምሥራቅ ያለው መረሬ አፈር ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል፣ ሲርስ ያብጣል፤ ከላይ የተናገርነው የማይሰጥመው ሸክላ የሚበዛውም በእርሱ ውስጥ ነው። ቀበና፣ ግንፍሌና ሌሎቹም ወንዞች የሚሰበስቡት ውሃ በትንሹና በትልቁ አቃቂ በኩል አባ ሳሙኤል ይገባል፤ ከዚያም ወደ አዋሽ ይሄዳል።

አባ ሳሙኤል የአገራችን የመጀመሪያው የውሃ ኃይል ማመንጫ እንደ ሆነ ይታወቃል። ይሁን እንጂ በደለልና በጥገና ማጣት ተዳክሞ ለብዙ ዓሥርተ ዓመታት ሥራ አቁሞ ከቆየ በኋላ በ2009 ዓ.ም. ታድሶ እንደ ገና ተመረቀ። እዚያ የተኛው አፈር ሁሉ ከግንባታ የመጣ ነው አንልም፤ ከእርሻም፣ ከተራቆተ ተራራም፣ ከድንጋይ ካባም የመጣ አለበት። ነገር ግን ከተማው የሚጥለው አፈር መጨረሻው የት እንደ ሆነ ለማወቅ ለሚፈልግ ሰው አባ ሳሙኤል ግልጽ መልስ ነው።

እስከዚያ ድረስ ሳይሄድ በመንገድ የሚቀረው አፈርም ጉዳቱ ቀላል አይደለም። ውሃ ፍጥነቱ በሚቀንስበት ሥፍራ ሁሉ ሸክሙን ያወርዳል፤ በከተማም ውስጥ ፍጥነቱ የሚቀንሰው በቦዮች መታጠፊያ፣ በቱቦዎች አፍና በድልድዮች ሥር ነው። ግማሹ በደለል የተሞላ ቱቦ ግማሽ ቱቦ ነው። በሰኔ የደፈነው አፈር በነሐሴ የሚመጣውን ጎርፍ ወደ ሰው ቤት ይመልሰዋል። ያን ጊዜ ጥፋቱ በዝናቡ ላይ ይጣላል፤ ወይም ቆሻሻ ወደ ቦይ ጥሏል ተብሎ የሰፈሩ ሰው ይወቀሳል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው፣ ቦዩን ለማስጠረግ ሠራተኛ የሚሰማራው ከዚያ በኋላ ነው።

ችግሩ በእኛ ብቻ የደረሰ አይደለም። መፍትሔውን በሕግ ከጻፉት አገሮች አንዷ አሜሪካ ናት፤ የእርሷም ታሪክ ለማዘጋጃ ቤቶች የተለየ ትምህርት አለው። የንጹሕ ውሃ ሕግ የሚባለው እ.ኤ.አ. በ1972 ወጣ። በዚያው ሕግ መሠረት እ.ኤ.አ. በ1990 በወጣ ደንብ፣ 5 ኤከር ማለት 2 ሄክታር ያህል ወይም ከዚያ በላይ መሬት የሚቆፍር ሁሉ ፈቃድ እንዲያወጣና አፈሩን እንዲቆጣጠር ታዘዘ። ወዲያው ግን እ.ኤ.አ. በ1991 በወጣ ሌላ ሕግ፣ ሕዝባቸው ከ100,000 በታች የሆኑ ማዘጋጃ ቤቶች ራሳቸው ለሚሠሩት ሥራ የጊዜ እፎይታ ተሰጣቸው። የግሉ ሠሪ ሲታዘዝ ማዘጋጃ ቤቱ ቆየት በል ተባለ ማለት ነው። እፎይታው ያበቃው እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2003 ነው። ቁጥጥሩም በዚያው ጊዜ ወርዶ 1 ኤከር፣ ማለት 0.4 ሄክታር ያህል የሚቆፍረውን ሁሉ ያዘ፤ የማዘጋጃ ቤቱ ሥራም ከሌላው ጋር እኩል ሆነ። ለምን? ዝናቡ የግልና የመንግሥት ብሎ አይለይምና ነው።

እንግዲህ አንድ ከተማ መንገድ፣ ትምህርት ቤት፣ ገበያ ወይም የውሃ መስመር ሲያሠራ በውል ሊጠይቅ የሚገባው ምንድን ነው? ከሌሎች ልምድና ከአገራችን ሁኔታ አመዛዝነን ዋና ዋናዎቹን እንደሚከተለው አቅርበናል።

አንደኛ፣ ጊዜ። ዋናው የአፈር ቆረጣ ከጥቅምት እስከ ግንቦት ባሉት ደረቅ ወራት እንዲያልቅ የሥራው ፕሮግራም መነደፍ አለበት። የመንገዱ ርዝመት ሁሉ በአንድ ጊዜ አይከፈትም፤ ዝናብ ሳይመጣ ሊዘጋ የሚቻለው ያህል ብቻ ይከፈታል። ይህ ምንም ተጨማሪ ዕቃ አያስገዛም፤ የሚጠይቀው አስቦ መሥራትን ብቻ ነው።

ሁለተኛ፣ ንጹሑን ውሃ መቀልበስ። ከዳገቱ የሚመጣው ውሃ ወደ ተቆፈረው ቦታ ሳይደርስ ከላይ በተቆረጠ ቦይ ተይዞ በጎን መውረድ አለበት። ያልቆሸሸን ውሃ አቆሽሾ ለማጣራት ከመድከም አስቀድሞ ማራቅ ይሻላል።

ሦስተኛ፣ ሽፋን። ሳይቃጠል በቅጠል የሚለው አባባል እዚህ ላይ ቃል በቃል ይሠራል። ገለባ፣ የታጨደ ሣር፣ ሸራ፣ ፈጥኖም የሚበቅል ሣር ጠብታውን ይቀበላሉ። በአሜሪካ የፌዴራሉ መሥሪያ ቤት በሚሰጠው ፈቃድ መሠረት፣ በአንድ ቦታ ላይ ሥራው ለ14 ቀን ወይም ከዚያ በላይ የሚቆም ከሆነ መሬቱን የመሸፈኑ ሥራ ወዲያውኑ መጀመር አለበት። በእኛ አገር የደሾና የቬቲቨር ሣር በገጠር የእርከን ሥራ የተመሰከረላቸው ስለ ሆነ ለመንገድ ዳር ቁልቁለት እንግዳ አይሆኑም።

አራተኛ፣ የግርጌ መከላከያ። ከተቆፈረው ቦታ በታች በኩል፣ ውሃውን አሳልፎ አፈሩን የሚያስቀር የጨርቅ አጥር፣ ወይም በአሸዋ የተሞላ የጆንያ ረድፍ፣ ወይም የድንጋይ ካብ ይሠራል። የጨርቁ እግር 15 ሳንቲ ሜትር ያህል በመሬት ውስጥ ካልተቀበረ ውሃው ከሥሩ ያልፋል፤ አጥሩም ለታይታ ብቻ ቆሞ ይቀራል። የተጠራቀመው አፈር የአጥሩን ቁመት ግማሽ ሳይደርስ መነሣት አለበት። እንዲህ ያለው አጥር ለተንጣለለ ውሃ እንጂ ለቦይ አይሆንም፤ በቦይ ውስጥ የሚሠራው የድንጋይ ክትር ነው።

አምስተኛ፣ የደለል ማቆሪያ ገንዳ። በአንድ ሄክታር ላይ 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲጥል 300 ሜትር ኩብ ውሃ ይሆናል። 16 ሜትር ኩብ በሚይዝ ገልባጭ መኪና ቢለካ 19 ጭነት ያህል ነው። በአሜሪካ ደንብ ገንዳ የሚሠራ ከሆነ ውሃው ለሚመጣበት ለእያንዳንዱ ሄክታር ወደ 250 ሜትር ኩብ የሚይዝ ሊሆን ይችላል። ከዚህ ሒሳብ እንደምንረዳው በማዕዘን ላይ የተቆፈረች አንዲት ትንሽ ጉድጓድ ገንዳ ልትባል አትችልም።

ስድስተኛ፣ የመኪና መውጫ። ገልባጭ መኪናዎች ከሥራው ቦታ ወደ አስፋልት በሚወጡበት በኩል ጠጠር ይነጠፋል፤ ጎማቸውም እዚያ ላይ ጭቃውን ያራግፋል። አስፋልት ላይ የወደቀ ጭቃ በዕለቱ ይጠረጋል፤ ወደ ቦይ በውሃ አይታጠብም።

ሰባተኛ፣ ቁጥጥር። ከላይ የተዘረዘረው ሁሉ በመጀመሪያው ዝናብ ይጎዳል። ስለዚህ ቢያንስ በየሳምንቱ፣ ብርቱ ዝናብ ከጣለም በኋላ በማግሥቱ፣ አንድ የታወቀ ሰው ዞሮ አይቶ የተበላሸውን መዝግቦ ማስጠገን አለበት።

አንባቢ ምናልባት ይህ የሀብታም አገር ሥርዓት ነው ይል ይሆናል። እኛ ግን እንዲህ አንልም። የኮንሶ ሕዝብ በድንጋይ ካብ የሠራው እርከን እ.ኤ.አ. በ2011 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ የተመዘገበው፣ አፈርን በቦታው የማስቀረት ጥበብ ከዚህ አገር የወጣ ስለ ሆነ ነው። ሕግም ቢሆን አልጠፋም። በ1995 ዓ.ም. የወጡት የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማና የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጆች፣ ቁጥር 299ና 300፣ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ጉዳቱ እንዲመረመርና ደረጃውን ጥሶ አካባቢን መበከል እንዲከለከል ደነገጉ። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 456 ደግሞ ለገበሬው ሲናገር በቁጥር ተናገረ፤ ተዳፋትነቱ ከ31 እስከ 60 ከመቶ በሆነ መሬት ላይ ዓመታዊ ሰብል የሚዘራው እርከን ከተሠራ ብቻ ነው፣ ከ60 ከመቶ በላይ የሆነውም ለእርሻና ለልቅ ግጦሽ አይውልም አለ።

እንግዲህ ጥያቄያችን ይህ ነው። በሁለት በሬ የሚያርስ ገበሬ በተዳፋት ላይ እርከን እንዲሠራ በቁጥር ከታዘዘ፣ በተመሳሳይ ተዳፋት ላይ በዶዘር የሚቆርጥ ከተማ በስንት ቁጥር ሊታዘዝ ይገባዋል?

የነገሩ ቁልፍ ያለው በውሉ ውስጥ ነው። በብዙ ውሎች ውስጥ ሥራ ተቋራጩ አካባቢውን ይጠብቅ የሚል ዐረፍተ ነገር አይጠፋም። ነገር ግን ይህ ዐረፍተ ነገር በሥራ መጠንና ዋጋ ዝርዝር ውስጥ የራሱ መሥመር ከሌለው፣ ወጪው በሌላው ዋጋ ውስጥ ተጠቃልሏል ማለት ነው። ጨረታ የሚያሸንፈው ደግሞ ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበው ነው። ለአፈር መከላከያ አስቦ ዋጋ የጨመረ ሐቀኛ ተቋራጭ ይሸነፋል፤ ምንም ያላሰበው ያሸንፋል። ስለዚህ ጥፋቱን በተቋራጩ ስግብግብነት ብቻ ማመካኘት አይበቃም፤ አሠሪው ራሱ ጨረታውን ሲያዘጋጅ ያልጠየቀውን ነገር አላገኘም። ሽፋኑ በካሬ ሜትር፣ አጥሩ በሜትር፣ ገንዳው በሜትር ኩብ ተለክቶ ዋጋ ቢጻፍለት ግን ሁሉም ተወዳዳሪ እኩል ይሆናል። የተሠራው ይለካል፣ የተለካው ይከፈላል፣ ያልተሠራው ይቀነሳል። ያን ጊዜ ተቆጣጣሪው በውሉ ውስጥ የለም ለማለት አይችልም።

ይህ ሁሉ ወጪ ይጨምራል የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣ እናውቃለን። እውነት ነው፣ ይጨምራል። ነገር ግን ወጪው አሁንም አለ፤ የሚለየው የሚከፍለው ሰው ብቻ ነው። ቦይ የሚጠርገው የሚቀጥለው ዓመት በጀት ይከፍለዋል፤ አባ ሳሙኤልን ያሳደሰው ገንዘብ ከፍሎታል፤ ምድጃቸው በደለል የተሞላባቸው እናትም ያለ ደረሰኝ ከፍለውታል። ሥራው ርካሽ የመሰለን ሒሳቡ ወደ ቁልቁለቱ ግርጌ ስለ ተላከ ነው።

ልማትን አንቃወምም። መንገዱ እንዲሰፋ ከማንም ይልቅ እኛ በእግራችን የምንሄደው እንፈልጋለን። የምንለው ማዘጋጃ ቤት የግል ቤት ሠሪውን አፈርህን ከመንገድ አንሣ ብሎ ሲቀጣ፣ ያንኑ ትእዛዝ አስቀድሞ ለራሱ ሥራ ይጻፍ ነው። ይህን የሚጽፉለት መሐንዲሶች፣ የሕግ ባለሙያዎችና ሒሳብ አዋቂዎች ደግሞ ዛሬ ከእኛ ጋር በአንድ ወንበር የሚቀመጡት ናቸው። ከመካከላችን አንዱ ከጥቂት ዓመታት በኋላ የአንድ መንገድ የዋጋ ዝርዝር ቀርቦለት እስክሪብቶ ሲያነሣ፣ ከመፈረሙ በፊት የአፈሩን መሥመር ይፈልግ፤ ካጣውም ወረቀቱን ይመልስ።

እኚያን እናት በነሐሴ ወር ተመልሰን ጠይቀናቸው ነበር። ምድጃቸውን በድንጋይ ከፍ አድርገው ሠርተዋል፤ ከደጃፋቸውም በራሳቸው ገንዘብ የገዙትን የአሸዋ ጆንያ በረድፍ ደርድረዋል። ከላይ የዘረዘርነውን አራተኛውን ግዴታ ውል ሳይኖራቸው የፈጸሙት እርሳቸው ናቸው።